ለእናት የተሰጠ ክብር ከልጇ የተወሰደ ነውን?

ክብር የሚከፈል ነገር ነውን? አንድ እንጀራ ለሁለት ሲቈረስ ለአንዱ የደረሰው ድርሻ ለሌላው እንደማይደርስ ማንም ያውቃል። በቤተ መቅደስ የሚበራ ጧፍ ግን ሌላውን ጧፍ ሲያቀጣጥል ከራሱ ብርሃን የሚጐድልበት የለም። ለፍጡር የሚቀርበው ክብር ለፈጣሪ ከሚቀርበው ክብር ጋር ያለው ዝምድና ከእነዚህ ከሁለቱ ማንኛውን ይመስላል? በምዕራቡ ዓለም ካቶሊካውያንና ፕሮቴስታንቶች ስለ እመቤታችን ስለ ቅድስት ድንግል ማርያም አምስት መቶ ዓመት ያህል የተከራከሩት ክርክር ቅርንጫፉ ብዙ ቢሆንም፥ ሥሩ ሲመረመር የሚገኘው ይህ ጥያቄ ነው። የፕሮቴስታንቱ ወገን ለእናቲቱ የሚጨመረው ሁሉ ከልጇ እንዳይቀነስ ይፈራል። የካቶሊኩ ወገን ደግሞ እናቲቱን ማክበር ልጇን ማክበር ነው ብሎ ይመልሳል።

ክርክሩ የተነሣው በሮማ ቤት ውስጥ ነው እንጂ በእኛ ቤት አይደለም። ዳሩ ግን ነቀፌታው በተነሣበት አገር ተወስኖ አልቀረም። ዛሬ ካህኑ በንስሓ ልጁ ቤት፥ መምህሩም በሰንበት ትምህርት ቤት ከሚሰሙት ጥያቄ ብዙው ያን ጊዜ በጀርመንና በስዊስ አገር የተነገረው ነው። ለሌላ ሰው ቁመት የተሰፋ ልብስ በአንድ በኩል ሲረዝም በሌላው በኩል እንደሚያጥር፥ ይህም ነቀፌታ ወደ እኛ ሲመጣ አንዳንዱ ጨርሶ የማይመለከተን፥ አንዳንዱም ሳናስበው የሚነካን ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ መልስ ከመስጠት አስቀድሞ ጥያቄው በመጀመሪያ ለማን እንደ ተጠየቀ ማወቅ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ማርቲን ሉተር በኃጢአት ማስተሥረያ ደብዳቤዎች ላይ ተቃውሞውን ከገለጠበት ከ1517 ዓ.ም. አራት ዓመት ቈይቶ፥ በ1521 ዓ.ም. በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 1 የሚገኘውን የእመቤታችንን ጸሎት የሚተረጕም መጽሐፍ ጻፈ። ይህን የሚሰሙ ብዙ ሰዎች፥ ከፕሮቴስታንቶችም ወገን የሆኑት፥ ይደነቃሉ። በዚህ መጽሐፍ የአምላክ እናት መሆኗን አይክድም፤ እንዲያውም ከዚህ ስም የሚበልጥ ነገር ሊነገርላት እንደማይቻል ይመሰክራል። የተከራከረው በአንዲት ቃል ላይ ነው። እግዚአብሔር ከእርሷ ዘንድ የተመለከተው ምንን ነው? የላቲኑ መጽሐፍ በዚያ ቦታ «ሁሚሊታስ» ይላል፤ ብዙ ሰባክያን ይህን ቃል ትሕትና ብለው ተረጐሙት፤ ትሕትናም ምግባር ነውና፥ እግዚአብሔር ስለ ምግባሯ ብድራት እንደ ከፈላት አድርገው አስተማሩ። ሉተር ግን ቃሉ የተናቀ ኑሮን፥ ሰው ዞር ብሎ የማያየውን ድኻነት ያመለክታል እንጂ ምግባርን አያመለክትም አለ። እንዲህም ከሆነ ድንግል የምትዘምረው ስለ ራሷ መልካምነት ሳይሆን፥ ዝቅ ያለችውን ስለ ተመለከተ ስለ አምላክ ቸርነት ነው።

የግእዙን ወንጌል የሚያውቅ ሰው በዚህ ብዙ አይገረምም። አባቶቻችን በዚያ ቦታ ያስቀመጡት ቃል «ሕማማ» የሚል ነው፤ ትሕትናን ለማለት ፈልገው ቢሆን ኖሮ ቃል አያጡም ነበር። መዋረዷንና መቸገሯን የሚናገረውን ቃል መረጡ። ይሁን እንጂ ያው ግእዝ በሚነበብበት ቤተ ክርስቲያን ለእመቤታችን የሚቀርበው ምስጋና ከዕለት ወደ ዕለት ሲጨምር ኖረ እንጂ አልጐደለም። በዚያው ቍጥር ትውልድ ሁሉ ብፅዕት እንደሚላት ተጽፏልና። እግዚአብሔር ምንም ከሌለው ሰው ዘንድ ታላቅ ነገር አደረገ ማለትና፥ ያ ታላቅ ነገር የተደረገለትን ሰው ማክበር አንዱ ሌላውን የሚያፈርስ ነገር አይደለም። ሉተርም ያን ጊዜ ይህን ያውቅ ነበር።

የመልአኩን ሰላምታ በተመለከተ የጻፈው ግን ከዚህ የከረረ ነው። በ1530 ዓ.ም. ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጕም ሥራው ባወጣው ግልጽ ደብዳቤ፥ «ጸጋን የተሞላሽ» የሚለውን የላቲን አነጋገር እንዳለ ወደ ጀርመንኛ ቢመልሰው፥ የአገሩ ሰው ቢራ የሞላበትን በርሜል ወይም ገንዘብ የሞላበትን ከረጢት እንደሚያስብ ተናግሮ ተሣለቀ። ቀልዱ የሉተርን ጠባይ ለሚያውቅ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መልአክ በፍርሃት ስለ ተናገረው ሰላምታ የሚገባ አነጋገር ነው ለማለት ግን ያስቸግራል። ሆኖም ከቀልዱ በታች ቁም ነገር አለ። ጸጋ በዕቃ ውስጥ እንደሚከማች ሀብት ከተቈጠረ፥ ባለቤቱ እንደ ወደደ የሚያድለው የራሱ ንብረት ይመስላል። ጸጋ የእግዚአብሔር ሞገስ ከሆነ ግን ከሰጪው ሳይለይ በተቀባዩ ላይ የሚያርፍ ነው። የግሪኩ ቃል ራሱ ጸጋ የተደረገላት የሚል ትርጕም ያለው ነው፤ ተደረገላት ካልን አድራጊው ሌላ መሆኑ ግልጽ ነው። የተደረገላትም በእውነት ስለ ተደረገላት፥ ምልዕተ ጸጋ ብሎ የሚጠራት ሰው አድራጊውን እስካልረሳ ድረስ ሐሰት አልተናገረም።

የጌታ ወንድሞች ስለ ተባሉት የሚነሣውን ክርክር በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ቢሆንም የመጀመሪያዎቹ የተሐድሶ መሪዎች ነቀፌታ አልነበረምና። የዙሪኩ ዝዊንግሊ በ1522 ዓ.ም. ስለ ዘላለማዊ ድንግልናዋ ስብከት አሳትሟል። የጄኔቫው ካልቪንም የሄልቪድዮስን ክርክር አልተቀበለም። ይህ ሄልቪድዮስ ቅዱስ ሄሮኒሞስ በ383 ዓ.ም. አካባቢ መልስ የጻፈበት ሰው ነው። እንግዲህ የድንግልናዋን ዘላለማዊነት የሚክድ ፕሮቴስታንት ከእኛ ጋር ከመከራከሩ በፊት ከራሱ አባቶች ጋር መነጋገር አለበት።

እንዲህ ከሆነ ያ ሁሉ ቍጣ የመጣው ከወዴት ነው? መልሱን ሉተር ስለ ወጣትነቱ ደጋግሞ ከተናገረው ነገር ማግኘት ይቻላል። በዚያ ዘመን በጀርመን አብያተ ክርስቲያናት ጌታችን በቀስተ ደመና ላይ ተቀምጦ ለፍርድ የመጣ ዳኛ ሆኖ ይሣል ነበር። የእመቤታችን ሥዕል ደግሞ መጐናጸፊያዋን ዘርግታ ጳጳሱንም ንጉሡንም ድኻውንም ከበታቹ ስትሸሽግ ያሳያል። ቸነፈር ባስጨነቃቸው አገሮች በተሣሉት በአንዳንዶቹ ሥዕሎች ላይም ከሰማይ የተወረወረው የመቅሠፍት ፍላጻ በዚያ መጐናጸፊያ ላይ ሲሰበር ይታያል። ወጣቱ መነኩሴ ከዚህ የተማረው ከልጇ ሸሽቶ ወደ እናቲቱ መጠጋትን ነበር። ክርስቶስን እንደ አስፈሪ ፈራጅ ብቻ አድርጎ ያየው እንደ ነበር ኋላ ራሱ ተናግሯል።

በእኔ አስተያየት ከፕሮቴስታንቶች ነቀፌታ ሁሉ ዋናው ይህ ነው፤ ሊሰማም የሚገባው ይህ ነው። ልጁ ቍጡ፥ እናቲቱ ርኅርኅት ናት ብሎ የሚያስተምር ሰው፥ ስለ እኛ የተሰቀለው ማን እንደ ሆነ ዘንግቷል። ድንግል ለኃጥኣን የምትራራ ከሆነ ርኅራኄውን ያገኘችው ከማን ነው? ወልድ ከእናቱ ያነሰ ቸርነት ያለው ከሆነ፥ ወንጌል የሚሰብከው የትኛውን መድኃኒት ነው? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ድንግልን አልሰደበም፤ ለልጇ ቀንቷል። እርሷም ብትጠየቅ በዚህ ቅንዓት አትከፋበትም። በእንዲህ ያለው ስብከት ውስጥ ክብር በእርግጥ እንደ እንጀራ ይከፈላል፤ ከልጁ ተቈርሶ ለእናቲቱ ይሰጣልና።

ነገር ግን በሽታውን በትክክል ያወቀ ሁሉ መድኃኒቱን በትክክል ያዛል ማለት አይደለም። ከእናቲቱ ክብር መቀነስ በራሱ የልጇን ክብር እንደማያበዛ ከሉተር ዘመን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ ታይቶ ነበር። የቍስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳሳት ንስጥሮስ ድንግልን ወላዲተ ክርስቶስ እንጂ ወላዲተ አምላክ ማለት አይገባም ብሎ ሲነሣ፥ ምክንያቱ ላይ ላዩን ሲታይ ለእግዚአብሔር ክብር የተቈረቈረ ይመስል ነበር። ፍጥረት ፈጣሪዋን እንዴት ትወልዳለች? አምላክነትን ከማኅፀን፥ ከመጠቅለያ ጨርቅና ከጡት ወተት ማራቅ አምላክን ማክበር መሰለው። የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስ ግን ነገሩ ወዴት እንደሚያደርስ አየ። ከድንግል የተወለደው አምላክ ካልሆነ በመስቀል ላይ የተሰቀለውም አምላክ አይደለም፤ የተሰቀለው አምላክ ካልሆነ የዳነ የለም። በ431 ዓ.ም. በኤፌሶን የተሰበሰበው ጉባኤ ወላዲተ አምላክ የሚለውን ስም ያጸናው ስለ እናቲቱ ብቻ አስቦ ሳይሆን አንዱ ልጅ ለሁለት እንዳይከፈል ነው። የቅዱስ ቄርሎስ ትምህርት ወደ ግእዝ ተመልሶ በስሙ «ቄርሎስ» እየተባለ በጉባኤ ቤታችን የኖረውም ስለዚህ ነው።

እነሆ፥ በኤፌሶን ከእናቲቱ የተቀነሰው ክብር ወደ ልጁ አልሄደም፤ ከልጁም ጋር አብሮ ሊጠፋ ነበር። ይህን ሉተራውያኑ ራሳቸው አልካዱትም። በ1577 ዓ.ም. ባጸደቁት የእምነት ስምምነት ድንግል ማርያም በእውነት የአምላክ እናት መሆኗን መስክረዋል። ብዙ የዘመናችን ሰባክያን ግን ይህን ስም በአፋቸው ሊጠሩት ይፈራሉ። አባቶቻቸው ካስቀመጡላቸው ይልቅ ንስጥሮስ ወዳስቀመጠው እየተጠጉ መሆናቸውን አላስተዋሉም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስለ መካከለኛነት የሚነሣው ነቀፌታ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው በመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 2 ቍጥር 5 በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንድ ክርስቶስ መሆኑን ጽፏል። ይህን የሚክድ ክርስቲያን የለም። ሐዋርያው ግን በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ ስለ ሰው ሁሉ ልመናና ምልጃ እንዲደረግ ያዝዛል፤ አንዱ ሰው ስለ ሌላው ሰው መለመኑ የክርስቶስን መካከለኛነት የሚነካ መስሎ አልታየውም። የፕሮቴስታንት ሰባኪም ታሞ ሲተኛ ምእመናኑን ጸልዩልኝ ይላል። እንግዲህ ምልጃ በራሱ ክርስቶስን የሚሽር አይደለም፤ ከፕሮቴስታንቶች መካከል አስተዋዮቹ ይህን ከመጀመሪያው ያውቁት ነበር። በ1530 ዓ.ም. በአውግስቡርግ ለንጉሠ ነገሥቱ ያቀረቡት የሃይማኖት መግለጫ በ21ኛው አንቀጽ ቅዱሳንን ማሰብና አብነታቸውን መከተል እንደሚገባ ይናገራል፤ የሚቃወመው እነርሱን ጠርቶ መለመንን ነው። መላንክቶን በ1531 ዓ.ም. ይህን መግለጫ ሲያብራራ ከዚህም አልፎ፥ መላእክት ስለ እኛ እንደሚጸልዩ፥ በሰማይ ያሉ ቅዱሳንም ስለ ቤተ ክርስቲያን እንደሚጸልዩ አምኗል። አይጠሩ እንጂ አይጸልዩም አላለም።

እንዲህ ከሆነ በመካከል የቀረችው ጥያቄ ጠባብ ናት። ያረፉት ይሰማሉን? እኛ ሞት ከክርስቶስ አካል አንዱን ብልት እንኳ ሊለይ እንደማይችል እናምናለን። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 5 ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ የቅዱሳንን ጸሎት ይዘው በዙፋኑ ፊት ሲቆሙ እናያለን፤ ስለዚህ በምድርና በሰማይ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የለያት ሁለት ቤት አድርገን አንቈጥራትም። ፕሮቴስታንቱ ደግሞ እነዚያ ካህናት ጸሎቱን ያቀርባሉ እንጂ ጸሎት አይቀርብላቸውም፤ ያረፉትን ለምኑ የሚል ትእዛዝም አልተጻፈም ይላል። እንዲህ ያለ ትእዛዝ በቃል እንዳልተጻፈ እኛም እንመሰክራለን። በዚህ ላይ ጥቅስ እየጠመዘዙ ከመከራከር ይልቅ እውነቱን መናገር ይሻላል። እኛ መጽሐፉን የምናነበው ከሚጸልየው ጉባኤ ጋር ነው፤ እርሱ ደግሞ ጉባኤውን የሚዳኘው መጽሐፉን ለብቻው ይዞ ነው። መለያያው በድንግል ላይ ሳይሆን በዚህ ላይ ነው።

ስለ ሥልጣን የሚደረገው ክርክር ከፍ ብሎ የተሰማው በሁለቱ የሮማ አዋጆች ጊዜ ነው። ጳጳሱ ፒዮስ 9ኛ ዲሴምበር 8 ቀን 1854 ዓ.ም. ድንግል ከተፀነሰችበት ከመጀመሪያው ቅጽበት አንሥቶ ከጥንተ አብሶ እንደ ተጠበቀች ማንም ሊያምነው የሚገባ ትምህርት ነው ብለው አወጁ። ፕሮቴስታንቶች ሁሉ ኃጢአትን እንደ ሠሩ የሚናገረውን የሮሜን መልእክት ምዕራፍ 3ን፥ እግዚአብሔርን መድኃኒቴ ብላ የጠራችበትንም የራሷን ጸሎት ጠቅሰው፥ ካልታመመች መድኃኒት ለምን አስፈለጋት አሉ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያዘጋጀው በ1308 ዓ.ም. ያረፈው ዱንስ ስኮቱስ ነው፤ ታሞ ከዳነው ይልቅ እንዳይታመም የተጠበቀው ባለ መድኃኒቱን አብልጦ ያመሰግናል እንደ ማለት ነው። መልሱ ብልህነት እንዳለው አይካድም። ዳሩ ግን የክሌርቮው ቤርናርዶስ በ12ኛው ምእት ዓመት የዚህን ፅንሰት በዓል ሲጀምሩ የልዮንን ካህናት ተቃውሞ ነበር፤ በ1274 ዓ.ም. ያረፈው ቶማስ ዘአኲኖም ትምህርቱን በዚህ መልክ አልያዘውም። ሁለቱ የእመቤታችን ወዳጆች፥ የሮማም ታላላቅ መምህራን ናቸው። እንግዲህ በ1854 ዓ.ም. እንደ መናፍቅ የሚያስቈጥረው ነገር በ1274 ዓ.ም. የቅዱስ መምህር ትምህርት ነበር ማለት ነው። ስለ ድንግል ንጽሕና የእኛ መምህራን በየጉባኤ ቤቱ የሚያመጡት ሐተታ ሌላ ነው፤ በዚህ ላይ አንቀላቅለውም።

ኖቬምበር 1 ቀን 1950 ዓ.ም. ፒዮስ 12ኛ ድንግል የምድር ሕይወቷን ከፈጸመች በኋላ በሥጋና በነፍስ ወደ ሰማይ ክብር እንደ ተወሰደች አወጁ። ከአራት ዓመት በፊት ለዓለሙ ጳጳሳት ጽፈው ሐሳባቸውን ጠይቀው ነበር፤ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ተስማምተው መለሱ። አዋጁ ሞታ ነው ወይስ ሳትሞት የሚለውን አልወሰነም። ፕሮቴስታንቶች በዚህ ጊዜ ያሰሙት ጩኸት ከፊተኛው ይልቅ በረታ፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ያልተተረከ ነገር የመዳን ግዴታ ሊሆን አይችልም አሉ።

እዚህ ላይ የእኛ አቋም ለሁለቱም ወገን ግራ የሚያጋባ ነው። ጥር 21 ቀን ዕረፍቷን እናከብራለን፤ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ጾመ ፍልሰታን ጾመን ነሐሴ 16 ቀን ዕርገቷን እናከብራለን። የ1950 ዓ.ም. አዋጅ ሲወጣ ለእኛ አዲስ ዜና አልነበረም። ሞቷንም አንደብቅም፤ ልጇ የሞተውን ሞት እርሷ ብትሞት አያሳፍራትምና። ሆኖም ይህን በዓል ያቆየው የምእመናን ጾምና ጸሎት ነው እንጂ የአንድ ጳጳስ ማኅተም አይደለም። እንግዲህ የአዋጁ ፍሬ ነገር ሲነቀፍ ከካቶሊካውያን ጋር እንቆማለን፤ አንድ ሰው ለብቻው የሕዝበ ክርስቲያንን ኅሊና ሊያስር አይችልም ሲባል ግን የፕሮቴስታንቱ ነቀፌታ የእኛም ነቀፌታ ነው። ከሰባክያኖቻችን አንዳንዶች ሮማን ሊነቅፉ ሲሹ የፕሮቴስታንትን ሰይፍ ይዋሳሉ፤ ሰይፉ ግን ሁለት ስለት አለው። በመጽሐፍ ያልተጻፈ ሁሉ ይጣል ብሎ በጳጳሱ ላይ የጮኸ ሰው፥ ነሐሴ ሲመጣ ለምን እንደሚጾም ልጁ ቢጠይቀው ምን ይመልሳል? የአንግሊካንና የካቶሊክ ሊቃውንት በ2005 ዓ.ም. ባወጡት የጋራ መግለጫ የሁለቱ አዋጆች ትምህርት ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ተስማምቶ ሊነበብ እንደሚችል ሲቀበሉ፥ ሳይፈታ የቀረው ይኸው የሥልጣን ጥያቄ መሆኑ ነገሩን ያረጋግጣል።

ከፕሮቴስታንት ሊቃውንት መካከል ነገሩን ወደ ጥልቁ የወሰደው የስዊሱ ካርል ባርት ነው። በ1938 ዓ.ም. ባሳተመው በታላቁ የትምህርተ ሃይማኖት መጽሐፉ ክፍል የአምላክ እናት የሚለውን ስም ተቀበለ፤ ከድንግል መወለዱንም ካላመኑት ፕሮቴስታንቶች ጋር ተከራከረ። ስለ ማርያም ለብቻው የቆመውን የሮማን ትምህርት ግን በሽታ የወለደው እባጭ ነው፥ ተቈርጦ መውጣት አለበት አለ። ምክንያቱ ድንግል ለመልአኩ የሰጠችውን መልስ ይመለከታል። ሮማውያን በእርሷ መልስ ሰው ለመዳኑ ከእግዚአብሔር ጋር ተባብሮ እንደሚሠራ አስተማሩ፤ ባርት ደግሞ ጸጋ እንዲህ ከሆነ ጸጋ አይደለም አለ።

ይህ ከጥቅስ ጭቅጭቅ በላይ የሆነ ጥያቄ ነው። የድንግል እሺታ የራሷ ነውን ወይስ የተሰጣት? ባርት የራሷ ከሆነ ስጦታ አይደለም ብሎ ያስባል፤ እነሆ እንጀራው እንደ ገና መጣ። ነገር ግን እናት ልጇን እጁን ይዛ እንዲራመድ ስታስተምረው፥ የረገጠው እግር የማን ነው? መራመዱ የእናቱ ሥራ ስለ ሆነ የልጁ አይደለም አይባልም። እግዚአብሔር የሚሰጠው ነጻነት ከእርሱ የተሰረቀ አይደለም፤ ሰጥቶ የማይደኸይ ስለ ሆነ። መልአኩ ትእዛዝ አንብቦ አልተመለሰም፤ መልሷን እስክትሰጥ ቆመ። በምዕራፍ 1 ቍጥር 38 ከመለሰች በኋላ ነው ከእርሷ የተለየው።

የሮማ ሊቃውንት ራሳቸው በዚህ ጉዳይ አንድ ልብ አልነበሩም። በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ድንግል የሚወጣው ትምህርት ለብቻው ይቁም ወይስ ስለ ቤተ ክርስቲያን በሚወጣው ውስጥ ይግባ ተብሎ ኦክቶበር 29 ቀን 1963 ዓ.ም. ድምፅ ሲሰጥ፥ ውስጥ ይግባ ያሉት 1,114፥ ለብቻው ይቁም ያሉት 1,074 ሆኑ። በ40 ድምፅ ብልጫ ድንግል በምእመናን መካከል ተቀመጠች፤ በኖቬምበር 21 ቀን 1964 ዓ.ም. በታወጀው ሰነድም ምዕራፍ 8 ለእርሷ ተሰጠ። ከምእመናን ጋር መቀመጧ ማዕረጓን ዝቅ ያደረገ የመሰላቸው ጳጳሳት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ከሐዋርያት ጋር ለጸሎት ተቀምጣ መገኘቷን የዘነጉ ይመስላል።

ከላይ ስለ ጀርመኑ ሥዕል የተነገረውን ከእኛ መድረክ ጋር ሳናነጻጽር ብናልፍ ግን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። የበላዔ ሰብእን ታሪክ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን የለም። በጥም ለተቃጠለ ለምጻም በድንግል ስም ጥርኝ ውኃ ማጠጣቱና ምሕረት ማግኘቱ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው ነው። ሁለት ዓይነት አተራረክ ግን አለ። አንዱ ሰባኪ ወልድ ሊኰንን ፈልጎ ሳለ እናቱ አሸነፈችው በሚል ስሜት ይናገራል፤ ሕዝቡም እልል ይላል። ሌላው ደግሞ ኪዳኑን የሰጠው ልጇ ራሱ መሆኑን፥ የተጠማን ማጠጣት ለእርሱ እንደ ማጠጣት የሚቈጠር መሆኑንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 አስቀድሞ የተናገረው እርሱ መሆኑን ያስታውሳል። የፊተኛው ሰባኪ ሳያውቅ ያን የቀስተ ደመና ሥዕል በእኛ ግድግዳ ላይ እየሣለ ነው፤ የሉተርም ነቀፌታ እርሱን ያገኘዋል። የኋለኛውን አያገኘውም። ታሪኩ አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ አፍ እንጀራ፥ በሌላው አፍ ጧፍ ሆነ።

በቅርቡ በሮማ የሆነውንም መመልከት ይጠቅማል። ብዙ ካቶሊካውያን ድንግል ከልጇ ጋር አብራ ያዳነች ተብላ በአዋጅ እንድትጠራ ለብዙ ዓመታት ሲለምኑ ኖረው ነበር። ኖቬምበር 4 ቀን 2025 ዓ.ም. የሮማ የሃይማኖት ትምህርት መሥሪያ ቤት በጳጳሱ በሌዎ 14ኛ ፈቃድ ባወጣው ሰነድ ይህ ስም ተገቢ እንዳልሆነ አስታወቀ። ካቀረበው ምክንያት አንዱ፥ ትክክለኛ ትርጕሙን እንዳይስት ሁልጊዜ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ስም የምእመናንን እምነት አያገለግልም የሚል ነው። ፕሮቴስታንቶች ለአምስት መቶ ዓመት ሲሉት የኖሩት ይህን ነው ብለው ቢደሰቱ አይፈረድባቸውም።

ነገር ግን ወላዲተ አምላክ የሚለውስ ስም ማብራሪያ አላስፈለገውምን? በኤፌሶን ከፍ ያለ ክርክር አስነሥቷል፤ ዛሬም ለሚጠይቅ ሁሉ ይተረጐማል። ልዩነቱ የሚታየው ማብራሪያው ተጀምሮ ሲፈጸም ነው። ድንግል ከልጇ ጋር አብራ አዳነች የሚለውን ስም የሚያብራራ ሰው ስሙ የሚናገረውን እየቀነሰ፥ እንዲህ ማለት አይደለም እያለ ወደ ኋላ ሲመለስ ይኖራል። ወላዲተ አምላክን የሚያብራራ ግን አንዲት ፊደል ሳይቀንስ፥ ከእርሷ የተወለደው ማን እንደ ሆነ እየተናገረ ይፈጽማል።